ከባሕር ዳር ወደ ፒስታ፦ በሞተርና በፎር ዊል ለሚወጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጣና ዙሪያ ያሉ ፒስታዎች፣ ማለትም አስፋልት ያልለበሱ የገጠር መንገዶች፣ በበጋ ለጀማሪም ይመቻሉ። ያው መንገድ ሐምሌ ላይ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘርን እንኳ ይውጠዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው አፈሩ ነው፤ ከታች ያሉት መልሶችም በየአጋጣሚው ወደ አፈሩ የሚመለሱት ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ከፍለው የሚገቡበት የሞተር መንጃ መናፈሻ አለ?

የለም። አሜሪካን በመሳሰሉ አገሮች በር ላይ ተከፍሎ የሚገባበት፣ መንገዱ በአስቸጋሪነቱ ደረጃ ወጥቶለት ምልክት የተተከለበት የመንግሥት ክልል አለ። እዚህ ያለው ለሁሉ ክፍት የሆነው የቀበሌና የወረዳ መንገድ ነው። ከብት ነጂው፣ ገበያተኛው፣ ተማሪውና ጭነት የያዘው አህያ የመንገዱ ባለቤቶች ናቸው፤ ሞተረኛው እንግዳ ነው።

ስለዚህ ከመንገዱ ወጥቶ ማሳ፣ የወል ግጦሽ ወይም እርከን ላይ መንዳት የለም። እርከን በተለይ ያሳስታል። ለመዝለል ያማረ ጉብታ ይመስላል፤ ግን የአካባቢው ሰው በበጋ የተፋሰስ ዘመቻ በጉልበቱ የሠራው የአፈር መከላከያ ነው። አንድ ቦታ ላይ በጎማ ከተናደ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ በዚያችው ቀዳዳ ተሰብስቦ ይወርድና ከታች ባለው ማሳ ላይ ቦይ ያወጣል። ጠፍ መሬት ላይ መለማመድ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ባለመሬቱን ወይም የቀበሌውን ሊቀመንበር ያስፈቅድ። ብዙ ጊዜ እምቢ አይሉም፤ ሳይጠየቁ ሲቀሩ ግን በትክክልም ይቆጣሉ።

ታዲያ የት የት መሄድ ይቻላል?

ማሽኑን ለመፈተሽ ቤዛዊት ይበቃል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ ከከተማው ቅርብ ነው፣ ዳገቱ አጭር ነው፣ ከላይ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ይታያል። ፍሬንና ፍሪሲዮን ችግር ካለባቸው እዚህ ይታወቃል፤ ከከተማ ሳይርቁ መታወቁ ይሻላል።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአንዳሳ በኩል። ሞተሩና መኪናው ከተማዋ ላይ ይቆማሉ፤ ቲኬት ተቆርጦ ወደ ፏፏቴው የሚኬደው በእግር ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይም የእግረኛ ነው፣ ሞተር ይዘው አይሻገሩበት። አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፦ ከወንዙ ውሃ የተወሰነው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይቀጥናል። ፏፏቴው ሲሞላ መንገዱ ይከፋል፣ መንገዱ ሲደርቅ ፏፏቴው ይሳሳል። ሁለቱንም ለማግኘት ጥቅምትን የሚያህል የለም።

ወደ ዘጌ በመኪና መንገድ እስከ አፋፍ ከተማ ይኬዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የቡና ደን ውስጥ የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንት ሥርዓት የተከለከለበት ምድር ነው፤ ደኑ እስካሁን የቆየውም በዚህ ነው። ሞተር እያስጮኹ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መግባት ከሰውም ከቦታውም ያጣላል። አፋፍ ላይ የሚጠብቅ ሰው ፈልገው፣ ዋጋ ተስማምተው፣ ሞተሩን ትተው ይግቡ።

የፒስታ ጥም የሚቆርጠው ደቡብ ነው። ወደ መራዊ (35 ኪሎ ሜትር ገደማ) እና ወደ አዴት (42 ኪሎ ሜትር ገደማ) ከሚወስዱት ዋና መንገዶች የሚገነጠሉት የገጠር መንገዶች በአብዛኛው ቀይ አፈርና ጠጠር ናቸው። መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር የሚያለማው የቆጋ መስኖ አለ። በቦዮቹ ዳር የተዘረጋው መንገድ ቀጥና ለጥ ያለ ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን ለጥገና የተሠራ ነው፣ ጠርዙም ይናዳል። አይግቡበት።

ፎገራን ለበጋ ይተዉት። ወረታ አካባቢ ያለው ሜዳ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ዋልካ (ሲረጥብ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር) ነው። ነሐሴ ላይ መንገዱ የት እንዳለ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከኅዳር እስከ የካቲት። ዝናብ የለም፣ አፈሩ ጠንክሯል፣ አቧራው ገና አልበዛም። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ የሚሰበሰብበት ስለሆነ ግን መንገድ ዳር አውድማ ይኖራል፤ አቧራ እህል ላይ እንዳይነፋ በዝግታ ይለፉ። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀትና አቧራ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ከዋናው መንገድ አለመውጣት ይመረጣል። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

በክረምት ግድ ከሆነ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መመለስ ነው። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሚመጣ፣ ጠዋት ያለፉበት መንገድ ማታ ላያሳልፍ ይችላል።

ዋልካና ቀይ አፈርን እንዴት እለያለሁ?

ቀለም ብቻ አይበቃም። እርጥብ አፈር በጣትዎ ቆንጥረው በመዳፍዎ መካከል እንደ ክር ያድቦልቡሉት። ሳይበጠስ ከጣት የረዘመና የቀጠነ ክር ከወጣው ዋልካ ነው። ወዲያው የሚበጣጠስ ከሆነ አሸዋና ደለል የተቀላቀለበት ነው፣ ያሳልፋል።

ከሩቅ ደግሞ ሰብሉን ይዩ። ዝናብ ካቆመ በኋላ ሽምብራና ጓያ የተዘራበት ማሳ ዋልካ ነው፤ ያ አፈር እርጥበት ይይዛልና ያለ ዝናብ ያበቅላቸዋል። በቆሎ፣ ዳጉሳና ባሕር ዛፍ የሞላበት ተዳፋት በአብዛኛው ቀይ ነው። ዋልካ ለጥ ያለውንና ዝቅ ያለውን ይይዛል፣ ቀዩ ከፍ ያለውን። ከዳገት ወርደው ሜዳ ሊገቡ ሲሉ ቆም ብለው መመልከት የሚያስፈልገው እዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ሁለቱ ሲረጥቡ የሚያመጡት ችግር ይለያያል። ቀይ አፈር ላዩ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይረጥብና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ከሥሩ ግን ጠንካራ ነው። ፀሐይ ከወጣ በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ጋዙን ሳያወዛውዙ፣ የፊት ፍሬን ሳይነኩ ይታለፋል።

ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲረጥብ ከጎማ ጋር ይጣበቃል፣ ጥልቀቱም አያልቅም። ለመድረቅ ከሳምንት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ያኔም ላዩ ቅርፊት ሠርቶ ግራጫ ሲመስል ውስጡ ገና ለስላሳ ነው። ብዙ መኪና የሚቀረቀረው ዝናብ በጣለበት ቀን ሳይሆን በሦስተኛው በአራተኛው ቀን፣ «ደርቋል» ተብሎ ነው። በዱላ ይውጉት። ዱላው ከአንድ ስንዝር በላይ ያለ ችግር ከገባ ይመለሱ። በበጋ ደግሞ ስንጥቁን ይጠንቀቁ፤ የመንገዱን አቅጣጫ ይዞ የሚሄድ ስንጥቅ የሞተርን የፊት ጎማ ይዞ ይጥላል። በቀጥታ ሳይሆን አግድም ይቁረጡት።

ዋልካ ላይ የሞተሬ የፊት ጎማ መዞር አቆመ። ምን ሆኖ ነው?

ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) መካከል ተጠቅጥቆ ነው። ለከተማ የተሠሩ ሞተሮች ላይ ፓራፋንጎው ከጎማው ሁለት ጣት እንኳ አይርቅም። ጎማው መጀመሪያ ይከብዳል፣ ቀጥሎ ይቆማል፣ እየተንሸራተተ ሄዶም ይጥልዎታል። ጋዝ መጨመር ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል እንጂ አይረዳም።

ሞተሩን አጥፍተው በእንጨት ወይም በጠፍጣፋ ብረት ጭቃውን ከፓራፋንጎው ሥር ይፋቁ። ከኋላ ደግሞ ካቴናው ጥርሱን የሚነክስበትን ቦታ ያጽዱ፤ እዚያ የደረቀ ዋልካ ካቴናውን ይወጥርና ይበጥሰዋል። አንድ መቶ ሜትር ሳይሄዱ እንደገና ከሞላ ፓራፋንጎውን ይፍቱት። ብዙ ጊዜ አራት ብሎን ነው፣ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ፊትዎ ላይ ጭቃ ይረጫል፣ ግን ይሄዳሉ። ዋልካ ያለበት መንገድ እንደሚጠብቅዎት ካወቁ ከቤት ፈትተውት መውጣት ነው።

ምን ዓይነት ሞተር ወይም መኪና ይሻላል?

ለደረቅ ፒስታ ገበያው ላይ የሞላው 100 እና 150 ሲሲ ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ ይበቃል። ቀላል ነው፣ ቢወድቅ አንድ ሰው ያነሳዋል፣ መለዋወጫው መራዊም ወረታም አለ። የፊት ጎማቸው 21 ኢንች የሆኑት ረጃጅም የፒስታ ሞተሮች ድንጋይ ላይ በጣም ይሻላሉ፤ ነገር ግን የ21 ካላማዳሪያ (ጎማ ውስጥ የሚገባው ንፋስ መያዣ) ገጠር ያለ ጎሚስታ ዘንድ አይገኝም፣ ይዘው መሄድ አለብዎት።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር እስከ 18 በመቶ የሚደርስ ጉልበት ያጣል። ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ 100 ሲሲ ይህን ይሰማዋል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው።

ከመኪና ሃርድቶፕ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ፒካፕ አያሳፍሩም። ፎር ዊል የሌለው «ከፍ ያለ» መኪና በበጋ ጠጠር ላይ ይሄዳል፤ በክረምት ከፍታው ብቻውን ምንም አያደርግለትም።

የጎማ ንፋስ ስንት ላድርገው?

ለሞተር አስፋልት ላይ ከ25 እስከ 28 ፒኤስአይ፣ ጠጠር ላይ ከ20 እስከ 22፣ ጭቃ ላይ 18። ካላማዳሪያ ያለውን ጎማ ከ18 በታች አያውርዱት። ጎማው በቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ካላማዳሪያውን ይዞት ይዞራል፤ ቫልቩ ከሥሩ ይቀደዳል። ያ ቀዳዳ አይለጠፍም። የቫልቩን ቀለበት ብሎን ከቸርኬው ጋር አያጥብቁት፤ ፈታ አድርገው ወደ ክዳኑ ይመልሱት። ካላማዳሪያው መንሸራተት ከጀመረ ቫልቩ ዘመም ብሎ ይታያል፣ ሳይቀደድ ይደርሱበታል።

ለመኪና አስፋልት ላይ ከ32 እስከ 36፣ ጠጠር ላይ ከ26 እስከ 28፣ ጭቃ ላይ 20። አስፋልት ሲመለሱ መሙላት አይርሱ፤ በትንሽ ንፋስ በፍጥነት የሚሄድ ጎማ ይግላል፣ ጎኑም ይፈነዳል።

እሾህ ቢወጋኝስ?

ቢወጋዎት ሳይሆን ሲወጋዎት ማለት ይሻላል። ገበሬው ማሳውን በግራር ቅርንጫፍ ያጥራል፤ ቅርንጫፉ በአህያ ወይም በጎታች ሲሄድ እሾሁ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። አጥር አጠገብ ያለውን ጠርዝ ትተው መሃሉን ይያዙ።

አሠራሩ ይህ ነው። ጎማውን አውጥተው ቫልቩን ይፍቱ፣ ንፋሱን ጨርሰው ያውጡ። የጎማውን ጠርዝ በተረከዝ ረግጠው ከቸርኬው ያላቅቁ፣ በሁለት የጎማ መፍቻ ብረት እየተቀባበሉ አንዱን ጎን ያውጡ። ካላማዳሪያውን ስበው ትንሽ ንፋስ ሰጥተው ቀዳዳውን ይፈልጉ፤ ውሃ ከሌለ ወደ ከንፈርዎ ያቅርቡት፣ ነፋሱ ይሰማል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ማስቲሽ ይቀቡ፣ ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ ድረስ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ልጣፉን ጥብቅ አድርገው ይጫኑት። ሳይደርቅ መለጠፍ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው።

ካላማዳሪያውን ከመመለስዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉ። እሾሁ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ከሆነ ጨርቁ ይያዛል። በባዶ ጣት አያድርጉት። ይህን ዘሎ የገጠመ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ሁለተኛውን ካላማዳሪያ ያጣል። ሲገጥሙ ካላማዳሪያው እንዳይጠማዘዝ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ንፋስ ይስጡት። ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረው ቫልቩ ጋ ይጨርሱ፤ የመጨረሻዋን ስንዝር በብረት ሲገፉ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ ያድርጉት፣ አለዚያ ብረቱ ካላማዳሪያውን ይቆነጥጠዋል።

ሌላ ምን መሣሪያ ልያዝ?

ለሞተር፦ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ካላማዳሪያ፣ ፖምፓ፣ የጎማ መፍቻ ብረት ሁለት፣ ልጣፍና ማስቲሽ፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር ቁልፍ፣ የካንዴላ መፍቻና አንድ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ሽቦና ናስትሮ፣ ተጨማሪ የፍሪሲዮን ገመድ። ገመዱን ከአሮጌው ጎን ዘርግቶ ማሰር ጥሩ ዘዴ ነው፤ አሮጌው ሲበጠስ ጫፎቹን ብቻ መቀየር ነው።

ለመኪና፦ ክሪክና ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚገባ ወፍራም ጣውላ፣ አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድ። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ንፋስ መያዙንም ያረጋግጡ። የስኮርታው ነገር ሁልጊዜ የሚረሳ ነው።

ፎር ዊሉን መቼ ላስገባ? መኪናው ከተቀረቀረስ?

ጭቃው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት። ሃርድቶፕ ላይ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያሉትን ሁለቱንም ማዞሪያ ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» ማዞር አይርሱ። ካቢን ውስጥ ያለውን ማንሻ ብቻ ጎትቶ «ፎር ዊሉ አይሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ ግን ገና አልተያያዙም። ጭቃ ውስጥ ከሰመጡ በኋላ ማዞሪያውን በጉልበትዎ ተንበርክከው ነው የሚፈልጉት። ለጠጠርና ለቀላል ጭቃ 4ኤች (ፈጣኑ ፎር ዊል)፣ ለጥልቅ ጭቃና ለቁልቁለት 4ኤል (ዝግተኛውና ጉልበታሙ) በሁለተኛ ማርሽ። አንደኛ ማርሽ ጉልበቱ ስለሚበዛ ጎማውን ያሽከረክረዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲመለሱ ፎር ዊሉን ያውጡ፤ አለዚያ መሪው ይከብዳል፣ ካምቢዮውም ይጎዳል።

ከተቀረቀረ ጎማው በባዶ ሲዞር ወዲያውኑ ጋዙን ይልቀቁ። እያንዳንዱ ዙር ይቀብረዋል፣ ዲፈረንሻሉ መሬት ከነካ ደግሞ አራቱም ጎማ ቢዞር አይወጣም። ወርደው ከጎማዎቹ ፊትና ከዲፈረንሻሉ ሥር ያለውን ጭቃ በአካፋ ያውጡ፣ ንፋሱን ወደ 20 ያውርዱ፣ ድንጋይና ጭራሮ ከጎማው ፊት ያስገቡ። በመጡበት መውጣት ከፊት ለፊት ከመሄድ ይቀላል፤ የኋላውን መንገድ ያውቁታል።

የመንደሩ ወጣቶች ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ መግፋትም ያውቃሉ። ከመገፋቱ በፊት ዋጋ ይስማሙ፤ ማንም ሰው ከጎማው ኋላ ቀጥታ እንዳይቆም ይንገሩ። በገመድ ሲጎተት ገመዱን ከሻሲው መንጠቆ ጋር እንጂ ከባምፐር ወይም ከተሳቢ መጎተቻው ኳስ ጋር አያስሩ፤ ኳሱ ተሰብሮ ሲወረወር ሰው ይገድላል። ገመዱ መሃል ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይጣል። ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይራቅ።

ወንዝ መሻገር እችላለሁ?

መጀመሪያ በእግር፣ ዱላ ይዘው። በእግር ያልተሻገሩትን በሞተር አይሻገሩም። ለሞተር ከጎማው መሃል በላይ የደረሰ ውሃ አይሞከርም። ለመኪናም የጎማው መሃል ጥሩ ወሰን ነው፤ ከዚያ በላይ የአየር ማጣሪያው የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፤ ሞተር ይዞ የሚቆም የለም።

እላይ ሰማዩ ጥርት ቢልም አይመኑት። ርብና ጉማራ ከጉና ነው የሚወርዱት፣ ግልገል ዓባይ ከሰከላ። ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ፀሐይ ባለበት ሜዳ ይደርሳል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰና ጭራሮና ቅጠል ተሸክሞ መምጣት ከጀመረ ይውጡ።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ እንደገና አያስነሱት። አውጥተው ካንዴላውን ይፍቱ፣ ሞተሩን አዘንብለው የጭስ ማውጫውን ውሃ ያፍስሱ፣ በእግር ደጋግመው ይርገጡት፣ በካንዴላው ቀዳዳ ውሃው ይተፋል። ዘይቱን ይዩ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ሳይቀየር አይነዳም። ናፍጣ ሞተር ውሃ ጠጥቶ ከተነሳ የፒስተኑን ዘንግ ያጎብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ነው።

ሐይቁ ዳር ዳሩን መንዳትስ?

አይሆንም፣ በሁለት ምክንያት። የጣና አካባቢ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ደንገሉና ረግረጉ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ የሚያርፍበት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ማሽንዎ ነው። እምቦጭ የሸፈነው ዳርቻ አረንጓዴ ሜዳ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ውሃና ደለል ነው። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ይህ በጣም ይበዛል። ከብት የሚሄድበት የእግር ዱካ ካልታየበት መሬት አይደለም ብለው ያስቡ።

ምን ሰነድ ያስፈልገኛል? መንገዱ ክፍት መሆኑንስ እንዴት አውቃለሁ?

ለያዙት ተሽከርካሪ ምድብ የሚሆን መንጃ ፈቃድ፣ የዓመቱ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ መታወቂያ። የተከራዩ ከሆነ የውል ወረቀቱ ላይ ከአስፋልት መውጣት መፈቀዱ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ጉዳቱ ሁሉ የእርስዎ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይያዝም።

በክልሉ የፀጥታ ሁኔታና የተሽከርካሪ የሰዓት ገደብ ይለዋወጣል፤ ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ገደቡ ቀድሞ ይመጣል። በዋዜማው ትራፊክ ፖሊስን፣ በዕለቱ ጠዋት ደግሞ በዚያ መስመር የሚመላለሱ የሚኒባስና የኢሱዙ ሾፌሮችን መናኸሪያ ላይ ይጠይቁ። ሾፌሮቹ ካልወጡ እርስዎም አይውጡ።

ነዳጅ ከየት?

ከባሕር ዳር ሞልተው ይውጡ። ማደያዎች ክፍያ የሚቀበሉት በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሆነ ስልክዎ ቻርጅ ይኑረው። 150 ሲሲ ሞተር በጠጠር 100 ኪሎ ሜትር ላይ 3 ሊትር ገደማ ይበላል፣ ጭቃ ላይ 4። ሃርድቶፕ በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 14 ሊትር፣ 4ኤል ላይ ሲሆን ከ20 በላይ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ግድ ካልሆነ አይግዙ። ግድ ከሆነ ጠርሙሱን ደቂቃ ያህል አስቀምጠው ከሥሩ ውሃ መጠራቀሙን ይዩ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው ይጨምሩ።

ከብት ወይም ሰው ሲያጋጥመኝ ምን ላድርግ?

ከከብት ኋላ ጥሩምባ አይንፉ። የደነገጠ በሬ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ፊትዎ ነው የሚገባው። ቀስ ብለው ጠርዝ ይያዙ፣ እረኛው ካየዎት በኋላ ይለፉ። አህያ ጭና የምትመጣ እናት ካለች ሞተሩን አጥፍተው ያሳልፉ። ካሊፎርኒያ ባሉ የሞተር መናፈሻዎች የጭስ ማውጫ ድምፅ ከ96 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ሕግ አለ፤ እዚህ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ መቀነሻ) አውጥቶ የሚነዳ ሰው ሲመጣ ግን ከብቱ በየገደሉ ይበተናል። ማርሚታው ይኑር።

ባሕር ዳር ቅዳሜ ትልቅ ገበያ ነው፤ ጠዋት መንገዱ ሁሉ ወደ ከተማ ነው የሚመጣው፣ ማታ ይመለሳል። እሁድ ጠዋትና በበዓላት ነጭ የለበሰ ሰው መንገዱን ይሞላዋል። አቧራ ነጠላ ላይ አይርጩ፣ በአንደኛ ማርሽ ይለፉ።

ከብት ከገጩ ይቁሙ። አይሽሹ፣ ቀጣዩ መንደር ላይ ስልክ ቀድሞዎት ይደርሳል። ሽማግሌዎች ይጥሩ፣ ትራፊክ ፖሊስ ያስመዝግቡ፣ ለመድኑ ወረቀት ይያዙ። ሰው ከተጎዳ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ።

ልብስና ጤና?

ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ። ጣና ዳርና በቀስታ የሚሄድ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ፤ ሞተር ሲገፉ ውሃ ውስጥ ከቆዩ ቶሎ ያድርቁ፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሆድ ከታመመ ለሐኪሙ ይንገሩ። ወባ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይበረታል።

ማታ መንዳት ወይም ዳርቻው ላይ ማደር ይቻላል?

ማታ አይነዳም። መብራት የሌለው ጋሪ፣ የቆመ ኢሱዙ፣ መንገድ ላይ የተኛ ከብት አለ። ማደር ያሰበ ሰው ከውሃው ዳር ይራቅ፤ ጉማሬ ሳር ለመጋጥ የሚወጣው ሌሊት ነው፣ በውሃውና በእሱ መካከል የቆመ ሰው ላይ ነው የሚመጣው። በመንደር ወይም በግቢ ውስጥ አስፈቅደው ድንኳን ይትከሉ።

ሞተሩን የት ልጠበው?

ከሐይቁና ከዓባይ ዳር አይደለም፤ ዘይቱና ናፍጣው ውሃው ውስጥ ይገባል። ከተማ ውስጥ ያሉት እጥበት ቤቶች ይሠሩታል፣ ዋልካው ሳይደርቅ ቢወስዱት ይቀላል። የግፊት ውሃውን ከኩሽኔታዎቹና ከካርቡራተሩ ያርቁላቸው። ካቴናው ሲደርቅ ዘይት ይቀቡት፣ በመሃል በጣት ሲገፋ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ማለቱን ይለኩ፣ የቸርኬውን ሽቦዎችም አንድ በአንድ በቁልፍ መታ መታ ያድርጉ፤ የላላው ድምፁ የደበዘዘ ነው።